በፈረስ እግር ሥር አፍ አይከፈትም

መስከረም 14 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ለምትገኚው ለወንድሜ ልጅ፣ ለፈረሰኛዋ፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው።

ወረቀቱን እያገላበጥሽ የማን እጅ ጽሑፍ ነው ብለሽ አትድከሚ። የእኔ ነው። የአጎትሽ! ያ ፈርም ሲሉት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያቀርበው ባለጋሪ ዛሬ በገዛ እጁ ይጽፍልሻል። እስከ ዛሬ በእኔ ስም የሚጽፍልሽ ልብስ ሰፊው ነበር። እሱ ደግሞ የምለውን አይጽፍም፤ እንደ ሱሪ ያሳጥረዋል። ጠዋቱን ሙሉ ነግሬው፣ “ደህና ነን፣ እንዴት ነሽ” ብሎ ያሽገዋል። የቀረውስ የት ገባ ስለው፣ “ትርፉን ቆረጥኩት” ይለኛል።

የማታ ትምህርት ገብቼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣው የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። እሱ እንኳ ቀን እየተኛ ማታ ለመንቃት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ስለሆነ፣ ማታ መማሩን እንደ ማጭበርበር ነው የምቆጥርበት። ወንበሩ የሕፃናት ነው፤ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ይነካል። መምህራችን ልጄ ልትሆን የምትችል ናት። ሌላውን ሁሉ “ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ” ትላለች። ለእኔ ግን እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስልክ ይደውሉ አትበዪኝ። በስልክ የእጅ ጽሑፌ አይታይም።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ባለፈው ደብዳቤሽ የፈረስ አያያዝ ምስክር ወረቀት ልትፈተኚ እንደሆነ፣ ያን ወረቀት ያልያዘ ሰው ደግሞ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በዚያ ጋጣ መሥራት እንደማይችል ጽፈሽ ነበር። እኔ ለሰፈሩ አልፋለች ብዬ ተናግሬአለሁ። ፈተናው ገና ነው አሉኝ። ታዲያ ገና ቢሆንስ? አባትሽ ካረፈ ጀምሮ በእኔ ጋሪ ላይ ያደግሽ፣ የወተት ጥርስሽ ሳይወልቅ ለፈረስ ልጓም የምታጎርሺ ልጅ፣ ማን ሊጥልሽ ነው?

ሁለት ነገር ላኪልኝ። አንደኛ መነጽር፤ ዓይኔ ጤነኛ ነው፤ ፊደሎቹ ናቸው የሚያንሱት። ሁለተኛ ምስክር ወረቀቱን ይዘሽ ከፈረስ ጋር የተነሳሽው ፎቶ። ሚስማሩን ግድግዳው ላይ መትቼ እየጠበቅሁ ነው። ባለቤቴ፣ እትዬሽ፣ “ፎቶ ሳይመጣ ሚስማር” እያለች ትስቅብኛለች፤ ሳምልኝ ብላለች።

ያለ ልብስ ሰፊው እርዳታ የጻፍኩት፣

አጎትሽ


ኅዳር 3 ቀን

ለውድ አጎቴ ለጋሼ፤

ለእርስዎም ለእትዬም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራው ደህና ነው፤ ብርዱም ደህና ነው።

የእጅ ጽሑፍዎን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። ፊደሎቹ ራሳቸው ልክ እንደ እርስዎ ደረታቸውን ነፍተው ነው የቆሙት። እንኳን ደስ አለዎት።

የምተኛው ከድርቆሽ መጋዘኑ በላይ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ጠዋት ስነሳ ፀጉሬ ውስጥ ድርቆሽ አይጠፋም፤ ፈረሶቹ ከሌላው ሠራተኛ አብልጠው የሚወዱኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ጋጣ እጠርጋለሁ፣ ገለባ አነጥፋለሁ፣ እቦርሻለሁ፣ ተራዬ ሲደርስም እጋልባለሁ። የሚያስቸግረኝ አንድ ትልቅ ግራጫ ፈረስ አለ፤ ዳኛው እለዋለሁ። ሰኮናውን ላጸዳ ስል መጀመሪያ ዞሮ ያየኛል፣ ያሰላስላል፣ ከዚያ ደስ ካለው ብቻ እግሩን ይሰጠኛል።

ስለ ፈተናው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ፈረስዎ ቦራ እንዴት ነው? ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ አሁንም ጭቃ ካላገኘ ደስ አይለውም? ደብዳቤዬንስ የሚያነብልዎ አሁንም ልብስ ሰፊው ነው?

መነጽሩን እፈልጋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 2 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው።

ልብስ ሰፊው? እኔ በሕይወት እያለሁ! ደብዳቤሽ ሲመጣ ወንበር ደጃፍ አወጣለሁ፣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ አነባለሁ። ድምፄ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ባለወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል፤ እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ቀኑ መሸብን እያሉ ይሰድቡኛል፣ ግን አይሄዱም። ልብስ ሰፊውም መኪናውን አቁሞ ይመጣል። ሥራ የፈታ መስሎ አይታየውም፤ ስህተቴን ሊያድን ነው የሚመጣው።

የድርቆሹን ሳነብ ሁሉም ሳቁ። “ስለ ፈተናው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ” የሚለው ጋ ስደርስ ዝም አሉ። እኔም ዝምታው ደስ ስላላለኝ፣ “በከፍተኛ ውጤት አልፌአለሁ” ብዬ ከራሴ ጨምሬ ልቀጥል ስል፣ ልብስ ሰፊው ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ “እንደሱ አይልም” አለ። ማንበብ የሚችል ጎረቤት አይስጥሽ።

አሁን ሳቁን እንተወው። ልጄ፣ ደብዳቤሽ ያነክሳል። እኔ ቤት ተቀምጬ፣ በመንገድ የሚያልፍ ፈረስ ኮቴውን ሰምቼ የትኛው እግሩ እንዳመመው የምናገር ሰው ነኝ። ይህ ጉራ አይደለም፤ ቢሆንም እውነት ነው። አንቺ “ደህና ነኝ፤ ሥራው ደህና ነው፤ ብርዱም ደህና ነው” ትያለሽ። ደህና የሆነ ሰው አንድ ደህና ይበቃዋል። ሦስት አድርጎ የሚደረድር አንዱን እግሩን መሬት ላለማስነካት ነው። ድንጋዩ የትኛው ሰኮና ውስጥ ነው? ንገሪኝ።

ቦራ አርጅቷል፤ ግን ያረጀ አይመስለውም። ከእኔ ነው የተማረው።

መነጽሩ አይቸኩል።

አጎትሽ


ጥር 5 ቀን

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ድምፅ ሳያወጡ ማንበብ ይችላሉ?

የምነግርዎ ነገር ለወፍጮ ቤቱ የሚሆን አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሲችሉ ይጻፉልኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም እነግርዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 29 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው።

ጥያቄሽ ቅር አሰኝቶኝ ምሳ አልበላም ብዬ ነበር። ከዚያ ራበኝ።

እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! እኔ ማንበብና መጮህ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። መምህሯን ብጠይቃት “በልብዎ ያንብቡ” አለችኝ። የእኔ ልብና አፍ ደግሞ በመሃላቸው ግድግዳ የላቸውም። ከንፈሬን በጣቶቼ ቆንጥጬ ያዝኩ፤ በአፍንጫዬ ወጣ። ፎጣ ነክሼ ሞከርኩ፤ እትዬሽ ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ቅርንፉድ አመጣች። ዘበኛው ድምፁን ሳያሰማ ገጽ ሲገልጥ ሳይ ቅናት ገደለኝ። ሌባ እንዳይሰማው ነው የተለማመደው አልኳቸው ለክፍሉ፤ ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም በልቡ እያነበበ ነበር።

ዘዴውን ያገኘሁት ከቦራ ነው። አፉን ገንዳው ውስጥ ነክሮ ሲጠጣ አየሁትና፣ ውሃ አፍ ውስጥ ካለ ድምፅ በየት ይወጣል አልኩ። አፌን ውሃ ሞልቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። በመጀመሪያው ቀን “ሀገር” የሚለው ቃል ላይ ስደርስ አመለጠኝና መጽሐፉን አጠብኩት፤ ከፊቴ የተቀመጠውን ዘበኛም እንደዚያው። አሁን ግን፣ ልጄ፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች ያለ አንዲት ጠብታ እወርደዋለሁ! ክፍሉ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጉንጮቼን ነፍቼ ሳነብ መልኬ የመለከት ነፊ ነው ይሉኛል፤ ድምፅ የሌለው መለከት።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ለሰፈሩ የሚሆነውን ከላይ ጻፊ። ከዚያ “ከዚህ በታች በውሃ” ብለሽ ምልክት አድርጊ። ከምልክቱ በታች ያለውን ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ አፌን ሞልቼ አነበዋለሁ። እትዬሽ እንኳ አትሰማም፤ ብታይ ብቻ ነው።

መነጽሩ ይቅር። ፎቶውም ይቆይ። ነገሩን ብቻ ላኪልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 25 ቀን

ለጋሼ፤

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ ይበርታ።

ደጃፍ ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ እንደምን ከረማችሁ? ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ የሰፉልኝ ሱሪ ጉልበቱ እስካሁን አልተቀደደም፤ እዚህ የሚሠሩት ሁሉ የት ነው ያሰፋሽው ይሉኛል። ባለወፍጮው፣ ሞተርዎን ያስነሱ፤ ሴቶቹ ይመሽባቸዋል። እዚህ ብርዱ እየለቀቀ ነው። ፈረሶቹ የብርድ ፀጉራቸውን ያራግፋሉ፤ ቦርሼ ስወጣ እኔም ግራጫ እሆናለሁ። ለዛሬ ይኸው ነው። ደህና ዋሉ።

ከዚህ በታች በውሃ።

ጋሼ፣ ወደቅሁ።

ፈተናውን የወደቅሁት ገና በመስከረም ነው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነበር። ግልቢያው ላይ አንድ ቃል አላሉኝም። ኮርቻውን ጫንኩ፣ ልጓሙን አጎረስኩ፣ በአንድ ጉተታ የሚፈታውን ቋጠሮ አሰርኩ። ከዚያ አራቱን ሰኮና አጽጂ አሉኝ። ፈተናው ላይ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ እየሠሩ ማስረዳት ነው። የት እንደቆምኩ፣ ለምን እዚያ እንደቆምኩ፣ ምን እንደማይ፣ ጮክ ብዬ መናገር አለብኝ። ፈታኞቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። እሱ ያያል፤ እሷ ትሰማለች፤ የምትጽፈውም የሰማችውን ብቻ ነው።

ጎንበስ ስል አፌ ተዘጋ።

ምክንያቱን ያውቁታል። “በፈረስ እግር ሥር አፍ አይከፈትም።” ሌላውን ሁሉ እየሳቁ ነው ያስተማሩኝ፤ ይህን ብቻ ሳይስቁ ነገሩኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ሰው ቦራ እግር ሥር ሲገባ ዝም ሲል እያየሁ ነው ያደግሁት። እርስዎን ዝም የሚያሰኝ ነገር ምን ያህል ከባድ መሆን አለበት እያልኩ ነው ያደግሁት። እጄ ሁሉንም ያውቃል፤ ከተረከዙ ወደ ጣቱ ይጠርጋል፣ መሃል ያለውን ለስላሳውን አይነካም። አፌ ግን የታሸገ ነው።

አራቱንም ጨርሼ ቀና ስል ሴትየዋ ብዕሯን እንደያዘች ናት። “ጨረስሽ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ምንም አልሰማሁም እኮ” አለች፤ ክፋት የለባትም፣ አዝና ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ ሥራ፣ ጥሩ። ማስረዳት፣ አልተሰማም።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ዕድል ቀርቶኛል። ያንን ካላለፍኩ ከጋጣው እወጣለሁ፤ የምተኛባት ክፍልም የጋጣው ናት። የጋጣው ኃላፊ ደግ ሴት ናት፤ “እኔ እጅሽን አምነዋለሁ፤ ደንቡ ግን የሚያምነው ወረቀት ነው” አለችኝ። ብቻዬን ስሆን የወንበር እግር ይዤ እለማመዳለሁ። ለወንበር ደህና አድርጌ አስረዳለሁ። ዳኛው እግር ሥር ስገባ ግን አፌ ይታሸጋል።

ሌላ ሥራ ልፈልግ ወይስ ልሞክር? ይምከሩኝ።

አሁን ውሃውን ይዋጡት፤ እንዳይታነቁ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 20 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው።

ውሃውን መዋጥ ረሳሁት። “ወደቅሁ” ከምትለው ቃል እስከ ስምሽ ድረስ ይዤው ቆየሁ፤ አፌ ውስጥ ሞቀ። እትዬሽ በሩን ከፍታ፣ “ምነው፣ ዓይንህ ላይም ሞላህ እንዴ?” አለችኝ። ከአፌ ተርፎ ነው አልኳት።

ለሰፈሩ የላይኛውን አንብቤአለሁ። ልብስ ሰፊው ስለ ሱሪው ሲሰማ ደረቱ ከእኔ ደረት በለጠ። የታችኛውን ለማንም አልተነፈስኩም።

ስሚኝ አሁን። የዚያን ሕግ ታሪክ አልነገርኩሽም። አያትሽ፣ አባቴ ማለት ነው፣ ከእኔ የባሰ ወሬኛ ነበር። አይቻልም ትዪ ይሆናል፤ ይቻላል። አንድ ቀን የፈረስ ሰኮና ይዞ እያጸዳ፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ወሬ ያወራል። ወሬው ጣፈጠ፤ መንገደኛው ቆመ፤ አባቴ ቀና ብሎ እጁን እያወናጨፈ መጨረሻውን ሊናገር ሲል፣ ፈረሱ ደንግጦ ተራገጠና የፊት ጥርሱን ይዞበት ሄደ። ከዚያ ወዲያ “ፈረስ” ባለ ቁጥር ነፋስ ይወጣ ነበር። ያኔ ነው ሕጉን ያወጣው። እኔ ሳልጠይቅ ተቀበልኩት፤ አንቺም ሳትጠይቂ ተቀበልሽው። የጥርስ ጉዳይ ነውና ማን ይከራከራል?

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ግን ጋሪው ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። አባቴ ያወራ የነበረው ለመንገደኛው ነው። እጁ ከፈረሱ ጋር፣ አፉ ከመንገዱ ጋር። ፈረሱ ያልተነገረው ነገር ነው ያስደነገጠው። ጥፋቱ የአፉ መከፈት አልነበረም፤ ወደ ሌላ መዞሩ ነበር!

እኔ ደግሞ አስቤ ብቻ የምቀር ሰው አይደለሁም። ወጣሁና የቦራን የኋላ እግር ያዝኩ፤ ጥርሴን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቼ፣ “ቦራ፣ እንዴት ዋልክ?” አልኩት። ዞሮ አየኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያለ ሰው ዛሬ ምን ነካው ብሎ ነው። “ሰኮናህን እያጸዳሁ ነው፤ ትንሽ ጠጠር አለች፤ አሁን ትወጣለች” አልኩት። ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና ክብደቱን ጭኔ ላይ ጣለው። ዕድሜውን ሁሉ ሲደረግበት የኖረው ነገር ምን እንደሆነ ገና ዛሬ የነገረው ሰው ያገኘ ይመስል! ጥርሴን በምላሴ ዳሰስኩ፤ ትናንት የነበሩት ሁሉ አሉ።

ስለዚህ እኔ፣ የቤተሰቡ ታላቅና የማታው ክፍል አንደኛ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ሕጉን ሽሬአለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በፈረስ እግር ሥር አፍ ይከፈታል፤ ለፈረሱ እስከሆነ ድረስ። ለፈታኞቹ አታስረጂ። ለዳኛው አስረጂው፤ እነሱ ይስሙ።

አፍ በአዋጅ እንደማይከፈት አውቃለሁ። የእኔም በአዋጅ አልተዘጋም፤ ውሃ ፈልጓል። የራስሽ ቃል እምቢ ካለሽ በእኔ ቃል ጀምሪ። ደብዳቤዎቼን ይዘሽ ዳኛው ጋር ግቢ፣ ሰኮናውን እየጠረግሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሪ። ሰላምታዬን እንዳትዘልዪው፤ የጻፍኩት ሁሉ አንድም የሚቆረጥ ትርፍ የለውም።

ሌላ ሥራ ያልሽውን እንዳልሰማሁት ቁጠሪው፤ ውሃ ጆሮዬ ገብቶ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለጋሼ፤

እጅዎንም አፍዎንም ይባርክልኝ።

ደብዳቤዎቹን በልብስ መቆንጠጫ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጀመርኩ፤ አሁን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። በማግሥቱ እኔ ሰማሁት። ከዚያ ዳኛው ሰማው፤ ጆሮውን አዞረ። ልብስ ሰፊው ሱሪ ማሳጠሩን ሳነብለት ዳኛው አፍንጫውን ነፋ፤ ሳቅ አድርጌ ወስጄዋለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ቋንቋችንን ስለማያውቁ ጸሎት የማደርስ መስሏቸው፣ በጋጣው ሲያልፉ ቆባቸውን ያወልቃሉ። አልነገርኳቸውም።

የእርስዎን ቃል እያነበብኩ እናገራለሁ። የራሴን ልጨምር ስል ግን አሁንም ይይዘኛል።

ፈተናው በወሩ መጨረሻ ነው። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 1 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው።

ጤናሽን ብቻ ልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ሌላ ነገር አልጠይቅም።

ሚስማሩ ላይ እትዬሽ ጃንጥላዋን ሰቅላለች፤ እኔም ምንም አላልኩም። በየጠዋቱ ፖስታ ቤት የምሄደው እግሬን ለማፍታታት ነው። የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ገና ከመንገድ ማዶ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ የመጣሁ መስዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አነባለሁ። በልቤ። ያለ ውሃ! ይህን እንኳ ለማንም አልፎከርኩም፤ እንዴት እንደሆንኩ ከዚህ እወቂው።

ልብስ ሰፊው ትናንት መጥቶ፣ “ታመሃል እንዴ?” አለኝ።

“ምነው?”

“ዝም ብለሃላ። ባለወፍጮው ሞተሩ የተበላሸ መስሎት ሁለት ጊዜ ፈታው። ለካ የጎደለው ያንተ ድምፅ ነው።”

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ሆዴ ውስጥ ሲቆረጥም ይሰማኛል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ሰምተሻል። እኔም እስከ በሩ ነው ያደረስኩሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ያንቺ ነው። የሆነው ሆኖ ከሆነ ደግሞ ጋሪው ላይ ከጎኔ ያለው ቦታሽ እንዳለ ነው። ሰው ሲሳፈር እንኳ ከኋላ ነው የማስቀምጠው። ቦራም አንድ ሰው ቢጨመርበት ያጉረመርማል እንጂ እምቢ አይልም።

ምንም አልጠየቅኩም። ጤናሽን ብቻ።

አጎትሽ


ሰኔ 24 ቀን

ጋሼ፣

ውሃ የለም! ይህን ደብዳቤ ደጃፍ ወንበር አውጥተው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ አድርገው ያንብቡት።

አለፍኩ!

ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጣ፤ ያንተም፣ ይቅርታ፣ የእርስዎም ደብዳቤ አብሮት። ወረቀቱ እስኪደርስ ላለመጻፍ ወስኜ ነበር፤ ቀድሜ ተናግሬ ደግሞ እርስዎን ሁለተኛ እንዳላሳዝን። እንዲህ እንደሚጨነቁ ባውቅ ኖሮ ባዶ ወረቀትም ቢሆን እልክ ነበር።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ፈረሱን በዕጣ ነው የሚሰጡት፤ ማንም የማይመኘው ዳኛው ለእኔ ደረሰኝ። ሌሎቹ ተፈታኞች ጀርባዬን ቸብ ቸብ አድርገው አጽናኑኝ። ፈታኞቹ እነዚያው ናቸው፤ ሴትየዋ ያንኑ ብዕር ይዛለች። ኮርቻና ልጓሙ አለፈ። “አሁን ሰኮና” አለኝ ሰውየው፤ “እየሠራሽ ንገሪን።”

ጭራው ወዳለበት ፊቴን አዙሬ ከፊት ግራ እግሩ አጠገብ ቆምኩ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። ሴትየዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቀኛለች። ፀጥታው ሲረዝም፣ ከአፌ መውጣት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱው ወጣ። በራሳችን ቋንቋ፣ ጮክ ብዬ፣

“ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፊው!”

ዳኛው እግሩን አነሳ።

ገና እጄን ሳልዘረጋ ነው፣ ጋሼ! እሱ ለማንም ሳያሰላስል እግሩን የማይሰጠው ፈረስ፣ ሰኮናውን አየር ላይ ይዞ፣ ዞሮ አየኝ፤ በይ እንጂ፣ ቀጥዪ እንጂ ይመስላል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እርስዎ ሰላም ካሉት በኋላ ሰኮና እንደሚጸዳ እሱ ደህና አድርጎ ተምሯል።

ሰውየው ቀረበ። “ምን አልሽው?”

“አጎቴ ሰላም ብሎታል” አልኩት።

“አጎትሽ ፈረስ አሠልጣኝ ነው?”

“ባለጋሪ ነው” አልኩት፤ “አሁን ደግሞ ጸሐፊ ነው።”

ሰውየው ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፤ የሳቀ አፍ ደግሞ ተመልሶ አይታሸግም። እርስዎ እንዳሉኝ ፊቴን ወደ ዳኛው አድርጌ በእነሱ ቋንቋ ጀመርኩ። ዳኛው፣ ከተረከዝህ ወደ ጣትህ የምጠርገው ብረቱ ሸርተት ቢል ለስላሳው ላይ እንዳይገባ ነው። ይህቺ መሃል ያለችው ለስላሳ ናት፣ አልነካትም። እዚህ ጋ አሸታለሁ፤ ሽታ ቢኖር በሽታ ነው፤ የለም። እጄን የማሳርፈው ሙቀት ካለ ለማወቅ ነው፤ የለም፤ ጤነኛ ነህ። ወደ ኋላ እግሩ ስዞር ሰላምታዎን ደገምኩለት፤ እሱንም ራሱ አነሳ። አራተኛው ላይ ስለ አያቴ ጥርስ ልነግረው ስጀምር ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። “ይበቃል” አለች፤ “ኧረ ይበቃል፣ ገባን።”

ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚል ልጻፍልዎ፤ ልብስ ሰፊው ጋሼ ከትከሻዎ በላይ እንዲያዩት ይፍቀዱላቸው። ሥራ፣ በጣም ጥሩ። ማስረዳት፣ ከበቂ በላይ።

ክፍሏ የእኔ ናት፤ ሥራውም። የጋጣው ኃላፊ ለሁለተኛው ደረጃ ተዘጋጂ ብላኛለች፤ እሱ ደግሞ ሌሎችን ማስተማር አለበት። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። መነጽሩንም አግኝቼ አብሬ ልኬዋለሁ፤ በውስጡ ሲያዩ ፊደሎቹ ያድጋሉ።

እትዬ ጃንጥላዋን ታንሳልን።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 18 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ለምትገኘው ለግራጫው ፈረስ፣ ለዳኛው፤

ሰላምታዬ ጋሪ ሙሉ ነው፤ አራግፈው።

ይህን የምታነብልህ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ምስክር ወረቀት ያላት ሰው ስለሆነች በአክብሮት ስማት።

ደብዳቤዋ ሲደርሰኝ ጭንቀት ልማዴን አስረስቶኝ ቤት ገብቼ ነበር። አፌን ሞልቼ፣ እትዬዋን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ልብስ ሰፊው የሰው አዲስ ኮት ይዞ በር ላይ ቆሞ፣ ደብዳቤውን ገለጥኩ። የመጀመሪያው ቃል “ውሃ የለም!” ይላል። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ አፌ ውስጥ የነበረው ሁሉ ኮቱ ላይ ሄደ። ልብስ ሰፊው ግን አልተቆጣም። “ኮት ይደርቃል” ብሎ፣ ወንበሩን ራሱ ደጃፍ አወጣልኝ።

እንዴት እንዳነበብኩት ቦራ ይንገርህ። ወፍጮው ቆመ። ሴቶቹ ሳይሳደቡ መጡ። “እግሩን አነሳ” የሚለው ጋ ስደርስ እልልታው ደብዳቤውን ከእጄ ሊወስደው ነበር፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ አራተኛውን እኔ ደገምኩ። ልብስ ሰፊው “ከበቂ በላይ” የሚለውን በዓይኑ አይቶ፣ “በትክክል እንደሱ ይላል” ብሎ መሰከረ። እኔም የዚያን ዕለት በሰላም ተኛሁ፤ ስንት ጊዜ ያልተኛሁትን እንቅልፍ ባንዴ።

እትዬዋ ጃንጥላዋን አንስታ ፎቶውን ሰቅላዋለች። በአዲሱ መነጽሬ በደንብ አይቼሃለሁ። እሷ ወረቀቱን ይዛ ጥርሷን ታሳያለች፤ ያንተ ፊት ግን ግማሹ ብቻ ነው የገባው። ሆኖም የሚበቃኝን አይቻለሁ፤ ዓይንህ የሚያዳምጥ ሰው ዓይን ነው።

አንድ አደራ አለኝ። በእኛ ወገን አፍ አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። እኔን ብታይ ይገባሃል። ስለዚህ ሁለተኛ ደረጃም ሦስተኛም ሲመጣ ብዙ ትሰማለህና ታገሥ። አልችል ያልክ ቀን ዘዴ አለኝ፤ ገንዳው ውስጥ አፍህን ንከር።

እንግዲህ ጠባይህን ስለማውቅ አንድ ነገር አይጠፋኝም፤ ሰላምታዬን ከሰማህበት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እስከዚህ ድረስ እግርህን አንስተህ እየጠበቅህ ነው።

ደግ አደረግህ። ሁላችንም እንዲሁ ስንጠብቅ ነው የከረምነው።

አሁን አሳርፈው።

አጎቷ